የመስታወቱ ግድግዳና ሁለተኛው በር

«ኦንዲና» በምትባለው የመዝናኛ መርከብ ላይ አሥራ አንድ የመመገቢያ አዳራሽ አለ። አርክቴክት ቤሊንዛጊ «አዳራሽ» የሚለውን ቃል አይወደውም፤ እሱ «ምዕራፍ» ነው የሚላቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጣሪያው በአራት ሺህ የብርጭቆ ጠብታ የተንቆጠቆጠ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ወንበሮቹ የተቀመጠባቸውን ሰው ክብደት እያዩ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ ደንደን ያለ ሰው ሲቀመጥባቸው ሲጥ ብለው ለጎረቤት እንደሚያሳብቁ ግን በመርከቧ የማስታወቂያ በራሪ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። በስድስተኛው ምግቡ በሳህን ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቀርባል፤ ድንጋዩ ከየትኛው ደሴት እንደመጣም አስተናጋጁ ለእንግዳው ይተርካል። ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን ሰባተኛው ነው። ስሙ «ጸጥታ» ይባላል።

በ«ጸጥታ» ሁለት መቶ አርባ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ አሥራ አራት ዓይነት ምግብ ይበላል። በአንድ ወገን መስኮት፣ በሌላው ወገን ሠላሳ ሜትር የሚረዝም የመስታወት ግድግዳ አለው፤ መስታወቱ ባሕሩን ከመስኮቱ ተቀብሎ መልሶ ያሳያል፤ ስለዚህ ፊቱን የሰጠም ጀርባውን የሰጠም ተመጋቢ ከባሕር አያመልጥም። ከመስታወቱ ጀርባ ወጥ ቤቱ አለ። ተመጋቢው ግን ወጥ ቤት የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ የለበትም። «ምግቡ ይከሰታል እንጂ አይመጣም» ይላል በራሪ ወረቀቱ።

የመርከቢቱን ወጥ ቤት የምትገጥመው ኔሪና ቪዚንቲን ግን ምግብ ሲከሰት አይታ አታውቅም። የምታውቀው ሲመጣ ነው፤ በሰው እጅ፣ ትኩስ ሆኖ፣ እየተጣደፈ።

ኔሪና ሞንፋልኮኔ በምትባል የጣሊያን ወደብ ከተማ ተወልዳ እዚያው ያረጀች፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በመርከብ መሥሪያው ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አሥራ ዘጠኝ መርከብ ወጥ ቤቱን ያገኘው ከእሷና ከቡድኗ እጅ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ስምንት ዓመት በባሕር ላይ አስተናጋጅ ነበረች፤ የመጨረሻዋ መርከብ ወጥ ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባዶ ሳህን ተሸክማ በትከሻዋ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ቱሊዮ የሚባል የሥራ ጓደኛዋ የፈላ መረቅ በሁለት እጁ ይዞ ሊወጣ ከወዲያ በኩል ቆሞ ነበር። ቱሊዮ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ፤ ዛሬም አንገቱን ወደ ግራ ማዞር አይችልም። ቂም አልያዘባትም፤ በየገናው ካርድ ይልክላታል። ካርዱ የመጣ ቀን ኔሪና እህል በአፏ አይዞርም።

የ«ጸጥታ» ግድግዳ መጀመሪያ ሲነደፍ ሁለት በር ነበረው፤ በግራ መግቢያ፣ በቀኝ መውጫ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቤሊንዛጊ ከሚላኖ መጣና አንዱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የተረፈውንም በመስታወት አስለበጠው፤ እጀታ የለው፣ መመልከቻ የለው፣ ከወዲህም ከወዲያም ተገፍቶ የሚከፈት ሆነ። ሁለቱም ንድፎች በደኅንነት መርማሪዎቹ ዘንድ አልፈዋል፤ ስለዚህ የተሰረዘውን በር ለመመለስ የሚያስፈልገው የአርክቴክቱ ፊርማ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ግን፣ ለጊዜው ግድግዳውን በሸፈነው አንጸባራቂ ወረቀት ፈንታ፣ እውነተኛው መስታወት ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ ያንን ግድግዳ ቆርጦ በር ላውጣ የሚል ሰው በግቢው ውስጥ አይገኝም።

በግንቦት መርከቧ ስትነሣ በዚያ በር ከሚመላለሱት አስተናጋጆች አንዷ አሊዳ ናት፤ የኔሪና ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ውሉን ከፈረመች ወር አልፏታል።

«አርክቴክት፣ አንድ ደቂቃ» አለችው ሰኞ ዕለት፣ ባዶው አዳራሽ መሃል ቆሞ ግድግዳውን እንደ ሙሽራ ሲያየው አግኝታ።

«ለእርስዎ ሁለት ደቂቃ፣ ሲኞራ ቪዚንቲን።»

«ደቂቃው አንድ ይበቃኛል። ሁለት የምፈልገው በሩን ነው።»

ቤሊንዛጊ ከአንገት በላይ ሳቀ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክሬም ቀለም ያለው የበፍታ ኮት የማይለየው ሰው ነው፤ በመርከብ ግቢ ውስጥ እንዲህ ለብሶ ሳይቆሽሽ መዋሉ ለሠራተኞቹ የዘወትር መነጋገሪያ ነበር።

«እስቲ ይመልከቱት» አላት። «ሠላሳ ሜትር ባሕር። እርስዎ ባሕሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ሊያበጁበት ይፈልጋሉ።»

«አንዱ ቀዳዳ እኮ አለ።»

«አንድ ሲሆን ምስጢር ነው። ሁለት ሲሆን የአውቶቡስ ጣቢያ ይመስላል።»

«አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በመረቅ የተቃጠለ ሰው አላውቅም።»

«አስተናጋጆቹ ይሰለጥናሉ። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰው በዓይን ሳይሆን በስሜት ማወቅ ይለምዳሉ።»

«በአንድ እራት ስንት ጊዜ ነው በስሜት የሚያውቁት? ሁለት መቶ አርባ ሰው፣ አሥራ አራት ሳህን። ሲሄዱም ሲመለሱም ነው። እስቲ ያባዙት።»

«እኔ በቁጥር አላስብም» አለ ቤሊንዛጊ፣ ይህንን እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጥሮ። ሆኖም ሴትዮዋ ሽንጧን ገትራ እንደቆመች አየና ለሰስ አለ። «እሺ፤ እሮብ እንሞክረዋለን። አርባ ሰው እናስቀምጥ። ሁለት አስተናጋጅ ከተጋጨ እፈርምልዎታለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ከከተማው እንግዳ መጥራት አይቻልም፤ ያላለቀ መርከብ ላይ ያለ ብረት ቆብና ያለ ፈቃድ ሰው አይወጣም። ስለዚህ አርባው ተመጋቢ ከግቢው ሠራተኛ መሆን ነበረበት። የመረጠቻቸው ራሷ ኔሪና ናት፤ በያጆች፣ ቧንቧ ገጣሚዎች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ ኡቾ ቦስካሮል፣ ከእሷ ጋር አሥራ ስምንት መርከብ የበየደ፣ ለጡረታ ሰባት ወር የቀረው ሽማግሌ። «እናንተ ቁጭ ብላችሁ ብሉ፤ ሌላ ሥራ የላችሁም» አለቻቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አለስልሰው መጡ።

አሁን የግቢውን የሠራተኞች ምሳ ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ደወል ይደወላል። ሰው ትሪውን ይዞ ይሰለፋል፣ ይበላል፣ ፍርፋሪውን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ሳህኑን ራሱ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ይመልሳል። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚነሣ ካለ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር «እናትህን እዚህ ቀጠርካት እንዴ?» ይባላል። አርባ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ባዶ ሳህን ፊቱ ተቀምጦ ማየት አይችልም።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አሊዳና አምስት ጓደኞቿ የመጀመሪያውን ምግብ አቀረቡ፤ በአረፋ ላይ የተቀመጠች አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ስሟ «የማዕበል እስትንፋስ»። ኡቾ በአንድ ጉርሻ ዋጣት፣ ቀሪው ወዴት እንዳለ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ሳህኑን አንሥቶ ተነሣ። ሠላሳ ዘጠኙ ተከተሉት።

«ወዴት ነው?» አለች ኔሪና።

«ሳህን ልመልስ።»

«ቁጭ በል ኡቾ፤ የሚያነሣልህ ሰው አለ።»

«ልጆቹን ምን አስቸገራቸው፤ እግር አለኝ።»

ተሰለፉ። አንድ በአንድ፣ ቀኛቸውን ይዘው፣ በመስታወቱ በር ገቡ፤ ሳህናቸውን ከማጠቢያው አጠገብ ደረደሩ፤ የሚቀጥለውን ምግብ ከመደርደሪያው ራሳቸው አንሥተው ተመለሱ። በመርከብ ሆድ ውስጥ ሠርቶ ያደገ ሰው ወዲያ ማዶው የማይታይ መተላለፊያ ሲደርስ «ኦኪዮ» ብሎ ይጮኻል፤ ዓይንህን ግለጥ፣ መጣሁ ለማለት። አርባ ሰው አሥራ አራት ጊዜ «ኦኪዮ» እያለ ገባ፣ «ኦኪዮ» እያለ ወጣ። ስሙ «ጸጥታ» የሆነው አዳራሽ የዓሣ ገበያ መሰለ። ማንም ማንንም አልነካም። አሥራ አራቱ ምግብ በአርባ አንድ ደቂቃ አለቀ፤ ስድስቱ አስተናጋጆች እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ተደግፈው ዋሉ። ሲጨርሱ አንዱ ቧንቧ ገጣሚ ጠረጴዛውን መወልወል ጀምሮ ነበር።

የቤሊንዛጊ ዓይን እንባ አቀረረ። «ግጭት፦ የለም» ብሎ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ከሥሩም «ተመጋቢዎቹ ያለ አንዳች ግፊት ከቦታው ጋር ተዋሕደዋል» የሚል ጨመረበት። የመርከቧን ባለቤቶች ወክላ ከኖርዌይ የመጣችው ወይዘሮ ሶልቫይ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ብዙ የማትናገር፣ የምትናገረውንም ጣሊያንኛ ከመጽሐፍ እንደ ተማረ ሰው አጥርታ የምትናገር ሴት ናት። «በጣም ፈጣን ሰዎች ናቸው» አለች።

ኔሪና ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ኡቾ ከመርከቧ ደረጃ ሥር ደረሰባት።

«አስቀየምኩሽ መሰለኝ።»

«አሥራ አራት ጊዜ ተነሣህ እኮ።»

«አሥራ አምስት። ያቺን ቀይዋን ደግሜያታለሁ።»

«በግንቦት እዚህ የሚቀመጡት ሳህን የሚመልሱ ይመስልሃል? ጨው ከፊታቸው ሆኖ ጨው አምጣ የሚሉ ናቸው። አስተናጋጁ ደግሞ ‹ኦኪዮ› ብሎ መጮኽ አይችልም፤ እዚያ ውስጥ ድምፅ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪንም?»

«ቁጭ ብላችሁ ብሉ አላልኩም?»

«ብለሻል» አለ ኡቾ ራሱን እያከከ። «ግን ሰው ለአፉ ያህል እንዲህ ይላል እንጂ የምሩን ነው ብዬ አልገመትኩም።»

አሊዳ የአስተናጋጅነቱን ጥቁር ልብስ እንደለበሰች ወርዳ መጣች። እናቷን በክንዷ ያዘቻት።

«እማ፣ በቃ ተዪው። እጠነቀቃለሁ።»

«እኔም እጠነቀቅ ነበር» አለች ኔሪና።

ሦስቱም ጥቂት ተራመዱ። ኔሪና ድንገት ቆመች።

«ኡቾ፣ የወንድምህ ልጅ ቤት ጣሪያ ሲገጠም ሊኮፍ በልተሃል አይደል?»

ሊኮፍ በዚያ አገር ጣሪያ ሲወጣ አሠሪው ለሠራተኞቹ የሚያበላው ግብዣ ነው። ያለ ሊኮፍ ያለቀ ቤት እንዳላለቀ ይቆጠራል።

«በልቻለሁ። ሁለት ቀን ነው የተኛሁት።»

«ሳህን አነሣህ?»

«አብደሻል? አሠሪው አይቀየምም? በሊኮፍ ቀን ሠራተኛ ጣቱን አያነሣም።»

ኔሪና ወደ መርከቧ ደረጃ ተመልሳ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች፤ ጉልበቷ ቀኑን ሙሉ ሲያማት እንደዋለ ትዝ ያላት ከላይ ደርሳ ነው።

ቤሊንዛጊንና ወይዘሮ ሶልቫይን አንድ ላይ አገኘቻቸው። ሆን ብላም አንድ ላይ ነው የፈለገቻቸው።

«ወጥ ቤቱ አልቋል» አለቻቸው። «በአገራችን ሥራ ሲያልቅ ሊኮፍ አለ። ነገ ከሥራ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ አዳራሽ። ምግቡን እኛ እንሠራለን። የሚያቀርበው ግን ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው፤ በገዛ እጁ።»

«በገዛ እጁ?» አለ ቤሊንዛጊ።

«ልማዱ ነው።»

ልማዱ እንዲያ አልነበረም። ልማዱ አሠሪው ያብላ ነው የሚለው፤ ማን ይሸከም የሚለውን አያነሣም። ነገር ግን ኔሪና ዓይኗን በጨው አጥባ ነበር የምትናገረው፤ ደግሞም በራሪ ወረቀቱ «መርከቧን የሠሩት እጆች ነፍስ በየምዕራፉ ይተነፍሳል» ይላል፤ ያንን የጻፈው ሰው የሠራተኛውን ልማድ በባለቤቶቹ ፊት እምቢ ሊል አይችልም። ወይዘሮ ሶልቫይ እጅጌዋን ልትሰበስብ ደርሳ ነበር።

«ስንት ሳህን በአንድ ጊዜ ልያዝ?» ብላ ጠየቀች።

ሐሙስ ጠዋት ኔሪና ወሬውን በግቢው ነዛች። «ከእንግዲህ አሠሪው በእጁ ያቀርባል» ስትል ኡቾ «ከመቼ ጀምሮ?» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ» አለችው። ኡቾ አሰበበትና ጥሩ ልማድ መሆኑን ተቀበለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርባው ሰው ተቀመጡ። ዮታ ነበር፤ ቦሎቄና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን አብሮ የተቀቀለበት ወፍራም ሾርባ። ከዚያ የተቀቀለ ቋሊማ፣ ጠርሙስ ሙሉ በአቅራቢያው ካለው ከካርሶ ኮረብታ የመጣ ጥቁር ቀይ ወይን። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጭልፋውን የያዘችው አሊዳ ናት፤ ኔሪና በሩ አጠገብ ቆማለች።

«አንድ ነገር» አለቻቸው ለሁለቱ አቅራቢዎች። «‹ኦኪዮ› የለም። አዳራሹ ‹ጸጥታ› ነው፤ ሕጉም የእርስዎ ነው፣ አርክቴክት።»

ቤሊንዛጊ ሁለት ሳህን ዮታ ይዞ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ነገሩ ግራ አጋባው፤ እጁ ሙሉ ነው፣ እጀታ የለም፤ በወገቡ ገፋ አድርጎ ወጣ። ሲመለስ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሩን አጣው። የሚያየው ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ውስጥ ደግሞ ክሬም ኮት የለበሰ፣ ጭንቅ የያዘው ሰውዬ ወደ እሱ ይመጣል። በክርኑ እየዳሰሰ ገባ።

አርባዎቹ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። በሊኮፍ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይጠይቃል።

«አርክቴክት፣ ዳቦ።»

«አርክቴክት፣ እዚህ ጋ ማንኪያ አልደረሰም።»

«ሲኞራ፣ ይሄ ጠርሙስ ቀዳዳ አለው መሰለኝ፤ ባዶ ሆነ።»

«አርክቴክት፣ ያቺን ሳህን ቢያነሡልኝ፤ ባዶ ሳህን ፊቴ ሲቀመጥ ይጨንቀኛል» አለ ኡቾ፣ እጆቹን እንደ ጳጳስ ሆዱ ላይ አጣምሮ። ደግሞም ጮኽ አድርጎ፣ «ኔሪና፣ ሾርባው እኮ ለብ ብሏል።»

«ዝም ብለህ ብላ» አለች ከወጥ ቤት ውስጥ።

ቤሊንዛጊ ላብ አጠመቀው። በአራተኛው ዙር ሰባት ባዶ ሳህን ደራርቦ ደረቱ ላይ ደግፎ ወደ ግድግዳው መጣ። የራሱን ምስል አየና በሩን አገኘሁ ብሎ በትከሻው ገፋ። ወይዘሮ ሶልቫይ ከወዲያ በኩል ሦስት ሳህን ዮታ ይዛ በወገቧ ልትገፋ ዞር ብላ ነበር።

ሳህኖቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። ዮታው ከቤሊንዛጊ አንገት ጀምሮ በኮቱ ላይ ወረደ፤ ቦሎቄው በኪሱ ውስጥ ገባ። አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን መሰለ። ቤሊንዛጊ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ቆይቶ ገለጠው።

«አላቃጠለኝም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ለብ ብሏል ስል የሰማኝ የለም» አለ ኡቾ።

ኔሪና ቤሊንዛጊን በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። ምድጃው ላይ ሌላ ትልቅ ድስት ይንተከተካል።

«እውነተኛው ያውና» አለችው። «ለእናንተ የሚቀዳውን ቀድሜ አውጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አቀዝቅዤዋለሁ። እንደምትጋጩ አውቅ ነበር። በግንቦት የሚያቀዘቅዝላት ሰው የለም።»

«ለማን?»

ኔሪና በአገጯ አመለከተች። አሊዳ ጭልፋውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችውና «ደህና ነዎት፣ አርክቴክት?» አለችው።

ቤሊንዛጊ የሚንተከተከውን ድስት አየ፤ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ በጣቶቹ ከአንገቱ ሥር አንድ ቦሎቄ አንሥቶ የት እንደሚያስቀምጠው ቸገረው። ለጥቂት ጊዜ አርክቴክትነቱ ጥሎት ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ወደ አዳራሹ ወጥቶ ከግድግዳው ፊት ቆመ፤ ራቅ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማዕበል» አለ ቀስ ብሎ። «ይመጣል። ይመለሳል። ግን በመጣበት አይመለስም። ሁለት ደፍ… አንድ በር ሐሰት ነበር። ባሕሩ ራሱ ነው ሁለት የሚለኝ።»

«ሰውየው ምንድን ነው የሚያወራው?» አለ ኡቾ።

«ዝም በል» አለችው ኔሪና። ንድፉን ከብብቷ አውጥታ፣ ሳህን ገለል አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «እስክሪብቶ ይኸው። እዚህ ጋ።»

ወይዘሮ ሶልቫይ የእጇን ሾርባ እየጠረገች ጎንበስ ብላ አየችውና «ትናንትም ሁለት ነበር የሚያስፈልገው» አለች። ቤሊንዛጊ እንዳልሰማ ሆኖ ፈረመ። ፊርማው ረጅም ነው፤ ኔሪና የመጨረሻው ጭራ እስኪያልቅ ድረስ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

የመስታወቱ መኪና ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል። ኔሪና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነበረች። ኡቾ ከወይኑ የተረፈ ራስ ምታቱን ይዞ መጣ፤ የመበየጃ መነጽሩን አደረገና እሷ በጠመኔ ያሰመረችውን መስመር ይዞ ብረቱን መቁረጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ «ሁለት ጣት ያህል ቢጠብ ምን ይለዋል?» አላት። «ትሪ የያዝክበት ክርን ሁለት ጣት ይፈልጋል» አለችው። ቀጠለ። የብረቱ ቁራጭ ወደ ውስጥ ሲወድቅ መርከቧ ስታስተጋባ ተሰማ።

ጠርዙ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። ከዚያ አሊዳን ጠራቻት። ለሁለቱም ትሪ አዘጋጅታ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ እስከ አፉ ውሃ የተሞላ አሥር ብርጭቆ።

«አንቺ በቀኝ ውጪ፤ እኔ በግራ እገባለሁ። በፍጥነት። ሁለት መቶ አርባ ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

አሊዳ ወጣች፤ እናቷ ገባች። በመካከላቸው ያልተቆረጠው ብረት ቀረ። ተመለሱ። ደገሙት። በሦስተኛው ኔሪና ሆን ብላ ሮጠች፤ በአምስተኛው ዓይኗን ጨፍና ሄደች። ኡቾ ቆርጦ በጣለው ብረት ላይ ተቀምጦ ይቆጥር ነበር። ከሃያው ብርጭቆ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

«እማ፣ በቃ፤ ይሠራል» አለች አሊዳ።

ታች ወደቡ ላይ የመስታወቱ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ኔሪና ትሪዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«አንዴ ደግሞ» አለች። «አሁን ከወጥ ቤቱ የምትወጪው ተቆጥተሽ ነው እንበል።»